መዳቡ ቀለጠ፣ ወረቀቱ ቀረ

የጥንት ካርታዎች የሚሸጡባቸውን የጨረታ ካታሎጎች ማንበብ ለእኔ የቆየ ልማድ ነው። ሰብሳቢ አይደለሁም፤ ኪሴም ለዚያ አይበቃም። ካታሎግ ማንበብ ግን ወጪ የለውም። ታላላቆቹ አጫራች ቤቶች እያንዳንዱን ካርታ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንስተው፣ ማን እንደ ሠራውና በማን እጅ እንዳለፈ ዘርዝረው፣ ከሽያጩ በኋላም ያወጣውን ዋጋ ጨምረው ለማንም አንባቢ ክፍት አድርገው ይተዉታል። በዚህ ንባብ ውስጥ እየደጋገመ የሚመጣብኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለምኑ ነው? ካርታ የሚሠራው ተራራው፣ ወንዙና ከተማው የት እንዳለ ለማሳወቅ ከሆነ፣ በትክክል የሚያሳውቀው ከሚያሳስተው ይልቅ መወደድ ነበረበት። በጨረታ አዳራሽ ውስጥ ግን ይህ ሚዛን አይሠራም። እጅግ ከተወደዱት ካርታዎች መካከል ብዙዎቹ ገና ከማተሚያ ቤት ሲወጡም ስሕተት የሞላባቸው ነበሩ።

አንዱን ላንሳ። በኦክቶበር 2006 ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ቤት ለንደን ውስጥ ባካሄደው ጨረታ፣ በ1477 በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ የታተመ የቶለሚ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አንድ ቅጂ 2,136,000 ፓውንድ ተሸጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቶለሚ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረ ሊቅ ነው። መጽሐፉ ከእርሱ በኋላ ከ1300 ዓመታት በላይ ቆይቶ ሲታተም፣ በካርታዎቹ ላይ የሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያውን በየብስ የታጠረ ሆኖ ይታያል፤ የዓባይ ወንዝም ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ካሉ «የጨረቃ ተራሮች» ሥር ይነሣል። በዚያው ዘመን የፖርቱጋል መርከበኞች የአፍሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ ተከትለው ወደ ደቡብ እየወረዱ ነበር፤ በ1488 ባርቶሎሜው ዲያስ የአህጉሩን ጫፍ ዞሮ ውቅያኖሱ ክፍት መሆኑን አረጋገጠ። መጽሐፉ የራሱን ዕድሜ እንኳ በትክክል አይናገርም፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ የታተመበት ዓመት 1462 ተብሎ ሰፍሯል፣ በ15 ዓመት ተሳስቶ። ዋጋውን የሰጠው ሌላ ነገር ነው። የታተሙ ካርታዎች በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት በዚህ እትም ነው፤ 26 ናቸው፣ በመዳብ ላይ የተቀረጹ፤ እስከ ዛሬ የቆዩትም ቅጂዎች ጥቂት ናቸው።

ያ ቅጂ ሎርድ ዋርዲንግተን የተባሉ እንግሊዛዊ ባላባት ሲያሰባስቡት ከኖሩት የአትላሶች ክምችት ውስጥ ነበር። በኤፕሪል 2004 በኦክስፎርድሺር የሚገኘው መኖሪያቸው በእሳት ሲያያዝ፣ የመንደሩ ሰዎች ተሰልፈው ጥራዞቹን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አወጧቸው። ቤቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ አትላሶቹ ግን ተረፉ። ሎርዱ በቀጣዩ ዓመት አረፉ፤ ክምችቱም በ2005 እና በ2006 በሁለት ዙር ለጨረታ ቀረበ። ስለ ብርቅነት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናስበው ስንት ቅጂ እንደ ታተመ ነው። የዋርዲንግተን ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ብርቅነት አብዛኛውን ጊዜ የአጋጣሚ ሥራ ነው፤ እሳት፣ ጎርፍ፣ አይጥ፣ የወራሽ ግዴለሽነት አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሰዓቱ የደረሰ ጎረቤት አለ።

ዛሬ ሰዎች የሚጫረቱበት ወረቀት በራሱ ዘመን የንግዱ ዋና ሀብት አልነበረም። ሀብቱ መዳቡ ነበር። ቀራጩ በተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ጠረፉን፣ ወንዙንና የቦታውን ስም በስለታም ብረት ይቆፍራል፤ ሲታተም ስለሚገለበጥ ፊደሉንም መሬቱንም ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ነው የሚቀርጸው። ሰሌዳው ቀለም ይቀባል፤ ላይ ላዩ ተጠርጎ ቀለሙ በተቆፈሩት መስመሮች ውስጥ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ የረጠበ ወረቀት ተደርጎበት በሁለት ከባድ ተሽከርካሪ ግንዶች መካከል ተጨምቆ ያልፋል። የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱ ላይ የሚተወውን ሥርጉድ መስመር የዛሬ ገዢ በጣቱ ዳስሶ ይፈልገዋል፤ የኋላ ዘመን ፎቶ ቅጂ ይህን ምልክት በራሱ አያመጣምና። አንድን ሰሌዳ መቅረጽ ረጅም ጊዜና ውድ ባለሙያ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ግን በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ያወጣል፤ መስመሩ ሲደክም እንደገና ይጠለቃል፤ የሚታረም ስፍራ ሲኖር ከጀርባው በመዶሻ ተመትቶና ፊቱ ተወልውሎ ዳግም ይቀረጻል። ስለዚህ የካርታ አሳታሚ ብልጽግናው የሚለካው በመጋዘኑ ባሉት ሰሌዳዎች ነበር። ሲሞትም ወራሾቹ የሚካፈሉት፣ ባለዕዳ ከሆነም አበዳሪዎቹ የሚሸጡት እነዚህኑ ነው።

ይህን ሳውቅ ጨረታ ለካርታ የኋላ ዘመን ዕጣ ብቻ አለመሆኑን አየሁ። የካርታ ኅትመት ታሪክ ራሱ ከሰሌዳ ሽያጭ ወደ ሰሌዳ ሽያጭ የሚሄድ ታሪክ ነው። ካርታ ሠሪው ገራርድ መርካቶር በ1594 ሲሞት ሥራውን አልጨረሰም ነበር፤ «አትላስ» የሚለውን ስም ለካርታ መጽሐፍ የሰጠው ሥራ ሙሉ ሆኖ የወጣው ከሞቱ በኋላ በ1595 ነው። ሽያጩ ግን እምብዛም ነበር። ዮዶኩስ ሆንድየስ በ1604 ሰሌዳዎቹን ገዝቶ ወደ አምስተርዳም አመጣቸው፤ የጎደሉትን አገሮች አስቀርጾ ጨመረባቸው፤ በ1606 ባወጣው እትምም ገበያውን ያዘ። መርካቶር በሕይወት ዘመኑ ያላየውን ስኬት ስሙ ያገኘው ሰሌዳዎቹን በገዛ ነጋዴ እጅ ነው።

ከዚያ የሚከተለው ታሪክ ደግሞ የሁለት ቤተሰቦች ፉክክር ነው፤ እኔ ከካርታ ኅትመት ታሪክ ሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህንኑ ክፍል ነው። በ1629 የሆንድየስ ልጅ ታናሹ ዮዶኩስ ሞተ፤ ባላንጣው አሳታሚ ቪለም ብላውም የሟቹ ወንድምና አማች ሳይቀድሙት ከሰሌዳዎቹ 40 የሚያህሉትን ገዛ። ወዲያውም የሆንድየስን ስም ፍቆ የራሱን አስቀረጸባቸው፤ በ1630 በአዲስ አትላስ አወጣቸው። ወንድሙ ሄንሪኩስ ሆንድየስና አማቹ ዮሐንስ ያንሶንየስ የራሳቸው ቤተሰብ ካርታዎች በባላንጣ ስም ገበያ ላይ ሲሸጡ ተመለከቱ። የሰጡት መልስ ክስ አልነበረም። በማርች 1630 ከቀራጮች ጋር ውል ፈርመው፣ የተሸጡትን የሚመስሉ 36 ሰሌዳዎች በ18 ወራት ውስጥ ተቀርጸው እንዲያልቁ አዘዙ። ስለዚህ ዛሬ በጨረታ ላይ ጎን ለጎን የሚቀርቡ የብላውና የያንሶንየስ ካርታዎች መንትያ ቢመስሉ አያስደንቅም፤ መንትያ ናቸው። አንዱ የተገዛ ነው፣ ሌላው የተቀዳ ነው።

የቪለም ልጅ ዮዋን ብላው ይህን ፉክክር እስከ ጫፉ ወሰደው። በ1662 ያወጣው የላቲን «አትላስ ማዮር» 11 ጥራዞችና ወደ 600 የሚጠጉ ካርታዎች ነበሩት፤ ቀለም ያልተቀባው 350፣ የተቀባው 450 የሆላንድ ጊልደር ይሸጥ ስለ ነበር በዘመኑ በገንዘብ ከሚገኙት መጻሕፍት ሁሉ ውዱ ተብሏል። የገዛው ነጋዴና መስፍን ነው፤ መርከበኛ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1672 ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ፤ ከሰሌዳዎቹም ብዙው በእሳቱ ጠፋ። ዮዋን በቀጣዩ ዓመት ሞተ፤ የተረፉት ሰሌዳዎችም ከ1674 ጀምሮ በጨረታ ተበተኑ። የያንሶንየስ ቤት ሰሌዳዎች ደግሞ በ1694 ለጨረታ ቀርበው ፔትረስ ሼንክና ገራርድ ቫልክ ብዙዎቹን ወሰዱ፤ እነርሱም እንደ ብላው የቀደመውን ስም ፍቀው የራሳቸውን ጻፉ። ከሁለቱም ቤቶች ሰሌዳ የገዛው የፍሬዴሪክ ደ ዊት ንብረትም በተራው በ1710 ለጨረታ ቀረበ። እንግሊዝ ውስጥ ክሪስቶፈር ሳክስተን በ1570ዎቹ ያስቀረጻቸው የአውራጃ ካርታዎች ሰሌዳ፣ ጥገናና ጭማሪ እየተደረገበት፣ እስከ 1770 አካባቢ ሲታተም ኖሯል፤ አንድ ሰሌዳ ወደ 200 ዓመት ሠራ ማለት ነው። በመጨረሻ ሰሌዳዎቹ በጅምላ የሚሸጡት እንደ ካርታ ሳይሆን እንደ ብረት፣ በክብደታቸው ነበር። መዳብ ሁልጊዜም ፈላጊ አለው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ስሕተት በካርታ ላይ መቶ ዓመት የሚቆየው አሳታሚው እውነቱን ስላልሰማ ብቻ አይደለም። በመዳብ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ገና ስላልተመለሰለት ነው። ለዚህ ከራሳችን አገር ካርታ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

የአንትወርፑ አብርሃም ኦርቴልየስ በ1547 በከተማው የሠዓሊያን ማኅበር ሲመዘገብ ሞያው ካርታ ቀለም መቀባት ነበር፤ እህቶቹም በዚሁ ሥራ ያግዙት ነበር። በሜይ 1570 ያወጣው «የዓለም ቲያትር» 53 የካርታ ገጾች ይዞ፣ ሁሉም በአንድ መጠንና በአንድ አሠራር ተዘጋጅተው ለመጽሐፉ ሲባል የተቀረጹ ስለ ሆኑ፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ አትላስ ይባላል። የምወድለት ጠባዩ የተጠቀመባቸውን ካርታ ሠሪዎች ስም ዘርዝሮ ማሳተሙ ነው፤ 87 ሰዎች። አትላሱ 40 ዓመት ለሚያህል ጊዜ በ7 ቋንቋዎች ሲታተም፣ ከ7000 በላይ ቅጂ እንደ ወጣ ይገመታል። በ1573 ከተጨመሩት ካርታዎች አንዱ «የካህኑ ዮሐንስ ወይም የአቢሲኒያውያን መንግሥት» የሚለው ነው (ካህኑ ዮሐንስ አውሮፓውያን በሩቅ አገር አለ ብለው በአፈ ታሪክ ያወሩለት የነበረ ክርስቲያን ንጉሥ ነው)፤ ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ ከሚቀርቡ የጥንት ካርታዎች ሁሉ በጨረታ ላይ ደጋግሞ የማየው እርሱን ነው።

ካርታው እንግዳ ድብልቅ ነው። የቦታ ስሞቹ ብዙዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ በ1520ዎቹ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከጻፈው የተወሰዱ ናቸውና፤ ባሕር ነጋሽን፣ ትግሬን፣ አንጎትን፣ አማራን፣ ሸዋን፣ ጎጃምንና በጌምድርን ካርታው አበላሽቶም ቢሆን ይጽፋቸዋል። ከላይ ጥግ ላይ ከንጉሥ ዳዊት የሚጀምር የነገሥታት የዘር ሐረግ ተጽፏል። አገሪቱ ግን እንደ ጎማ ተለጥጣለች፤ ከምድር ወገብ አልፋ ሞዛምቢክ አጠገብ ትደርሳለች። ወደ ደቡብ በጣም ርቀው ከተቀመጡ ሁለት ታላላቅ ሐይቆች፣ ዛይሬና ዛፍላን ከተባሉት፣ ዓባይ ይወጣል። ከምድር ወገብ አጠገብ ደግሞ «የአማራ ተራራ» ተተክሎ፣ የካህኑ ዮሐንስ ልጆች በዘበኞች ተጠብቀው የሚኖሩበት እንደ ሆነ ተጽፎበታል። አምባ ግሸን መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይኖርም፤ ግን ከወሎ ተነቅሎ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ተሰዷል!

ትክክለኛው መረጃ ሊገኝ አይችልም ነበር እንዳይባል፣ ቀድሞም ነበረ። ቬኒስ ውስጥ በሳን ሚኬሌ ገዳም የነበረው ፍራ ማውሮ በ1450 አካባቢ በሠራው ታላቅ የዓለም ካርታ ላይ፣ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ያገኘው አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ከሣሉለት የአገሩ ካህናት መሆኑን ገልጿል። ካህናቱ ስማቸው አልተመዘገበም። ሥዕላቸውም የለም። የፍራ ማውሮ ካርታ በብራና ላይ የተሣለ ብቸኛ ሥራ በመሆኑ፣ በውስጡ የነበረው እውቀት በመዳብ ተባዝቶ እንደ ኦርቴልየስ ገጽ በየቤቱ አልገባም። ዛሬ ቬኒስ ውስጥ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ለጨረታ የሚቀርብም አይደለም።

ከኦርቴልየስ በኋላ ደግሞ የኢየሱሳውያኑ ሚሲዮን መጣ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን በዐይኑ አየ። ከ1624 እስከ 1633 በኢትዮጵያ የኖረው ማኖኤል ደ አልሜይዳ የሠራው ካርታ በ1660 በፖርቱጋል፣ በባልታዛር ቴሌስ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ የሚሄድበት ቅርጽ በዚህ ካርታ ላይ ተለይቶ ይታያል፤ አገሪቱም ወደ ልኳ ተመልሳለች። ከ2 ዓመት በኋላ ዮዋን ብላው የዘመኑን ውድ መጽሐፍ ሲያወጣ ግን፣ በአፍሪካው ጥራዝ ውስጥ የገባው የኢትዮጵያ ካርታ ያው ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ሲታተም የኖረው ነው፤ ዛይሬና ዛፍላንም በቦታቸው አሉ። ሰሌዳው አለ፣ ገዢውም አላጉረመረመም፤ ታዲያ አሳታሚው ምን አስቸኮለው?

በጀርመን አገር ኢዮብ ሉዶልፍ ሌላ መንገድ ሄደ። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉትን የአማራ አገር ሊቅ በሮም አገኛቸው፤ በ1652 ወደ ጎታ ከተማ ጠርቷቸውም ስለ አገሩ፣ ስለ ሕዝቡና ስለ ቋንቋው እየጠየቀ መዘገበ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ፤ የሉዶልፍን የ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍም ሆነ በ1683 የወጣውን ካርታ ሳያዩ ቀሩ። ይህ ካርታ የአልሜይዳን መሠረት ይዞ፣ ከአባ ጎርጎርዮስ የተገኘውን ጨምሮ የተሠራ ነው። በ1749 ፈረንሳዊው ዳንቪል በአፍሪካ ካርታው ላይ ማስረጃ ያላገኘለትን የአህጉሩን መሐል ሁሉ ባዶ አድርጎ ሲተወው የእነዛይሬና ዛፍላን ዘመን አበቃ። ለካርታ አሳታሚ ባዶ ወረቀት መሸጥ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ወደ ካታሎጎቹ ልመለስ። የኦርቴልየስ ካርታ ሲቀርብ መግለጫው የሚያጎላው ምኑን ነው? ካህኑ ዮሐንስን፣ የአማራን ተራራ፣ በባሕሩ ላይ የተሣሉትን መርከቦችና ፍጡራን፣ የቀለሙን ውበት። ስሕተቱ ጌጥ ሆኖ ይሸጣል። ይህን ስጽፍ እያማረርሁ አይደለም። በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ነገር ውበት መመዘኛ ቢሆን ምን ይደንቃል? ኢትዮጵያውያን ገዢዎችም፣ በተለይ በውጭ አገር የሚኖሩት፣ ሳሎናቸው ውስጥ የሚሰቅሉት ይህንኑ ነው፤ አገራቸው በዚያ ስፋት ተሥላ ማየቱም ደስ ሳያሰኛቸው አይቀርም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ነጠላ ሆኖ የሚሸጠው እያንዳንዱ የኦርቴልየስ ወይም የብላው ገጽ በአንድ ወቅት ከጥራዝ የተገነጠለ ነው። መሐሉ ላይ ያለው የእጥፋት መስመርና በጀርባው ያለው ጽሑፍ ይመሰክራሉ፤ ባለሙያ የጀርባውን ጽሑፍ ቋንቋና የገጽ ቁጥር አይቶ ካርታው ከየትኛው እትም እንደ ወጣ ይለያል። ነጋዴዎች አትላስ ገዝተው የሚበታትኑት የገጾቹ ዋጋ ድምር ከጥራዙ ዋጋ ስለሚበልጥ ነው። ለ400 ዓመት አብረው የኖሩ ገጾች በአንድ ቀን ተለያይተው ጣሊያን ወደ አንዱ፣ ኢትዮጵያ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ቀለም ያልነበረባቸውም ለገበያ ሲባል በዛሬ እጅ ይቀባሉ፤ ይህ በካታሎጉ ላይ «የኋላ ቀለም» ተብሎ በትንሹ ከተገለጸ ሕገ ወጥ አይደለም።

ስለ ታላላቅ ዋጋዎች ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠቀሰው የማርቲን ዋልድዜሙለር የ1507 የዓለም ካርታ ነው፤ «አሜሪካ» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈበት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2003 ግዢውን ሲያጠናቅቅ የከፈለው 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህ ግን የጨረታ ዋጋ አይደለም፤ ከጀርመን ባላባት ቤተሰብ ጋር በቀጥታ ድርድር የተፈጸመ ሽያጭ ነው። ካርታው በእንጨት ቅርጽ የታተሙ 12 ገጾች ሲሆኑ፣ 1000 ቅጂ እንደ ታተመ ቢነገርም የተረፈው ይህ አንዱ ብቻ ነው። የተረፈውም ግድግዳ ላይ ስላልተሰቀለ ነው፤ ዮሐንስ ሾነር የተባለ ሊቅ ገጾቹን በአንድ ጥራዝ አሰርቷቸው ስለ ነበር፣ በ1901 በቮልፍኤግ ቤተ መንግሥት እስኪገኙ ድረስ ማንም ሳይነካቸው ቆዩ። ዋልድዜሙለር ራሱ በኋለኞቹ ካርታዎቹ «አሜሪካ» የሚለውን ስም ትቶታል፤ ስሙ ግን አንዴ ወጥቶ ነበርና አልተመለሰም።

ይኸው ሰው በዚያው ዓመት በትንሽ ሉል ላይ እንዲለጠፍ ያሳተመው፣ 12 ቁራጮች ያሉት አንድ ገጽ አለ። የእርሱ አንድ ቅጂ በ2005 ክሪስቲስ በተባለው አጫራች ቤት ለንደን ላይ 545,600 ፓውንድ ተሸጠ። በ2017 ሌላ ቅጂ ተገኘ ተብሎ ከ600,000 እስከ 900,000 ፓውንድ ግምት ወጥቶለት ነበር፤ ሆኖም ጨረታው ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ባለሙያዎች ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካለው ቅጂ ተገልብጦ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ በማንሣታቸው ከሽያጭ ወጣ። ወረቀቱም ቀለሙም ዐይን የሚያታልል ነበር። ያጋለጠው የሕትመቱን ጉድለቶች ነጥብ በነጥብ ማነጻጸር ነው።

ከወረቀቱ ይልቅ የሠሪው ሕይወት የሚማርከኝ ደግሞ አቤል ቢውል ነው። ይህ የኮነቲከት ሰው በወጣትነቱ የገንዘብ ኖቶችን አጭበርብሮ ተፈርዶበት፣ ግንባሩ በጋለ ብረት ተተኩሷል። በ1784 ደግሞ ነጻ የወጣችውን ዩናይትድ ስቴትስ የሚያሳይ፣ በአሜሪካዊ ተቀርጾ በአሜሪካ የታተመ የመጀመሪያውን የአገሪቱን ካርታ አወጣ።  ከካርታው 7 ቅጂዎች ይታወቃሉ፤ አንዱን የኒው ጀርሲ ታሪክ ማኅበር በዲሴምበር 2010 ኒውዮርክ ውስጥ በክሪስቲስ አቅርቦ 2,098,500 ዶላር ተሸጠ። የገዛው ባለሀብቱ ዴቪድ ሩበንስታይን ካርታውን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በውሰት ሰጠው። አጨራረሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የታሪክ ማኅበር የገንዘብ ችግሩን ለመሸፈን ካርታ የሚሸጥበት ሁኔታ አይጥመኝም፤ ቀጣዩ ገዢ ካዝናው ውስጥ ቆልፎ ሊያስቀምጠው ይችል ነበርና።

ዋጋው ሲንር ደግሞ ሌባው ይመጣል። በጁን 2005 ፎርብስ ስማይሊ የተባለ የታወቀ የካርታ ነጋዴ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብርቅ መጻሕፍት ንባብ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ የወደቀ ምላጭ ከታየ በኋላ ተያዘ። ከብዙ ቤተ መጻሕፍት 97 ካርታዎች መስረቁን አምኖ በ2006 የሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። ከተሰረቁት አንዳንዶቹ እርሱ እስኪናዘዝ ድረስ መጥፋታቸው እንኳ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ በካታሎግ ላይ ስለ ቀድሞ ባለቤቶች የሚጻፈው መስመር ተራ ማሟያ መሆኑ ቀርቷል፤ እኔም ቀድሜ የማነበው እርሱን ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ መስመር ሌላም ክብደት አለው። ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ከደረሰ በኋላ፣ በኤፕሪል 20 እና 21 ቀን 1868 የእንግሊዝ ጦር በጨረታ ነው የሸጠው፤ ወደ 5000 ፓውንድ ተገኝቶ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪልም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ጨረታ በደረሰኝ የተረጋገጠ ባለቤትነት ይሰጣል፤ የደላንታው ጨረታም ሰጥቷል።

በእኛ አገር የታተሙ ካርታዎችስ? ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1970 ያሳተሙት የኢትዮጵያ አትላስ፣ ከአየር ፎቶግራፍ ተነሥተው የተሠሩት የ1:50,000 የመሬት ገጽታ ካርታዎች፣ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ የነበሩት ትልልቅ የትምህርት ቤት ካርታዎች፣ ሁሉም ከኦርቴልየስ ገጽ ይልቅ አገሪቱን ያውቋታል። የሚጠቅም ካርታ ግን ቶሎ ያልቃል። የብላው የግድግዳ ካርታዎች ከአትላሶቹ እጅግ ብርቅ የሆኑት ጭስ፣ እርጥበትና ፀሐይ ስለ በላቸው ነው፤ በቆዳ የተጠረዘው አትላስ ግን መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ዘመን አለፈው። የእኛም እንዲሁ ነው። ኤርትራ በ1993 ነጻ ከወጣችና ክልሎች ከተዋቀሩ በኋላ የቀድሞዎቹ የግድግዳ ካርታዎች ጊዜ ያለፈባቸው ሆኑ፤ ከምስማራቸው ወርደው በአዲስ ተተኩ። የወረዱት አንዳንዶቹ የመጽሐፍ መሸፈኛ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ መጋዘን ውስጥ ረጥበዋል። ገንዘብ ቢኖረኝ ከኦርቴልየስ ገጽ በፊት የምገዛው ከእነዚህ አንዱን ነው። የኦርቴልየሱ ትንሽ ቢጠብቁት በአንዱ ካታሎግ ላይ መምጣቱ አይቀርም፤ ይኸኛውን ግን እስካሁን በአንዱም አላየሁትም።